አልሄድ ያለው አጋዘን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛ ትደገፋለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጃችንስ? የፊት ጥርሷ ወለቀ ብለህ የጻፍክልን ጊዜ አባባ ቀኑን ሙሉ ለብቻው ሲስቅ ነው የዋለው። እኛ ሁለታችንም በሕይወት አለን። “በሕይወት” የሚለውን ቃል ሰው በደብዳቤ ላይ በልማድ ይጽፈዋል፤ እኔ ግን ዛሬ አስቤበት ነው የጻፍኩት።

ይህን የምጽፍልህ ከሥራ ቦታዬ ከልብስ ማጠቢያው ነው። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ማሽኖቹ ቆመዋል፤ ሴቶቹም ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተዋል። ወረቀቱን የዘረጋሁት መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዱ ፊደል ቢንጋደድብህ ከታች ያለው ጨርቅ ስለሚለሰልስ ነው። ቤት ሆኜ ልጽፍልህ አልቻልኩም። አባባ ብዕር ስይዝ ካየ “ምን ብለሽ ጻፍሽለት?” ማለቱ አይቀርም፤ እኔ ደግሞ ፊት ለፊት መዋሸት እንደማልችልበት ታውቃለህ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ የአደኑ ወቅት ሳያልቅ ልጅህን ይዘህ እንደምትመጣ፣ አባባም እኛን በልጅነታችን እንዳወጣን እሷንም ጫካ ይዟት እንዲወጣ ያለህን ሐሳብ ጽፈህልናል። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። “ድገሚው” አለኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ተነስቶ ጠመንጃውን ከቁምሳጥኑ አወጣና መወልወል ጀመረ። እስከ ዛሬ መልስ ሳልሰጥህ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የሆነ ነገር አለ። እንዳትደነግጥ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው። ለባለቤትህም ጮክ ብለህ አታንብብላት።

ነገሩ የሆነ ዕለት ጠዋት የወጣነው አባባ፣ እኔና ጎረቤታችን መካኒኩ ነን። አንተ ያወጣህለትን “ሬዲዮ” የሚለውን ስም ዛሬ ከተማው ሁሉ ነው የሚጠራው፤ ራሱም ስልክ ሲያነሳ “ሬዲዮ ነኝ” ይላል። ጭነት የምትችል መኪና ያለችው እሱ ስለሆነ ያለ እሱ አደን የለም። በምላሹ መንገዱን ሙሉ እሱን መስማት ግዴታ ነው። እኔ ካደግሁ ወዲህ አብሬያቸው ወጥቼ አላውቅም። ዘንድሮ ግን አባባ ራሱ “አብረሽኝ ብትወጪ ምን አለበት?” አለኝ። ልጅነቴ ትዝ ብሎት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለምን እንደፈለገኝ የገባኝ በኋላ ነው።

ሬዲዮ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ወደ ወንዙ ወረደ። እኔና አባባ ጥዱ ተቆርጦ ጉቶ ብቻ ወደቀረበት ተዳፋት ወጣን። ጉም ነበር። አንድ ጊዜ ገለጥ ይልና ማዶው ሁሉ ይታያል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የያዝከው ዱላ ጫፍ ይጠፋሃል። ከአንድ የወደቀ ግንድ ኋላ ተቀመጥን። እኔ ከረጢቱን ከጎኔ አቆምኩት፤ ካፖርቴንም ሞቆኝ ስለነበር አውልቄ ከላይ ጣል አደረግሁበት። የቀረኝ ቡናማ ሹራቤና ከላዩ የአዳኝ ብርቱካንማ ሰደርያ ነበር። ሰደርያውን ራሱ አባባ ነው ያለበሰኝ፤ “ይህን ሳትለብሺ አንድ እርምጃ አትሄጂም” ብሎ።

አጋዘኖቹ ከጫካው ጠርዝ ብቅ አሉ። “መጡ” አልኩት በሹክሹክታ።

“ከሴቶቹ የትኛዋ ናት የምትቀርበው?” አለኝ።

የሚፈትነኝ መሰለኝ። ትዝ ይልሃል አይደል፣ ልጅ ሳለን “ምን ታያላችሁ?” እያለ ይጠይቀን የነበረው? እኔም እንደዚያ ዘመን ተሽቀዳድሜ “ከትልቁ ጉቶ በስተግራ፣ ብቻዋን የቆመችው” አልኩት። አነጣጠረ። ረጅም ጊዜ ነው ያነጣጠረው። ተኮሰ። አጋዘኗ ጉልበቷ ከዳትና ከጉቶው ሥር ወደቀች፤ ሌሎቹ በረገጉ።

እንደምታውቀው አባባ አውሬ ሲወድቅ ወዲያው አይነሳም። ሳይሞት የቀረበ ሰው ያስነሳዋል፣ ያሠቃየዋል ይላል። ስለዚህ ቁጭ ብለን ጠበቅን። በዚህ መሀል ነው ቀንዳሙ ወንድ ከሸሹት ተለይቶ የተመለሰው።

ወንድም ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ጥይት ከጮኸበት ቦታ አውሬ ይሸሻል እንጂ ይመለሳል እንዴ? እሱ ግን እየተራመደ መጣ። አሸተታት። ፊቷን ላሳት። በግንባሩ ከሆዷ ሥር ገብቶ ሊያነሳት ገፋት፤ ጭንቅላቷ ብቻ ተንቀሳቅሶ ተመልሶ ወደቀ። በፊት እግሩ መሬቱን ደበደበና እንደገና ገፋት። የታመመችበትን “ተነሽ እንጂ፣ ተነሽ” የሚል ሰው ነው የሚመስለው።

“ምን ይታይሻል?” አለ አባባ።

“አታየውም እንዴ? ወንዱ ተመልሶ ሊያነሳት እየሞከረ ነው እኮ።”

“አዎ፣ አዎ፣ አየሁት” አለ። ዓይኑ ግን ወደ ሌላ ጉቶ ነበር። ያን ጊዜ ልጠረጥር ይገባኝ ነበር። ብቻ የማየውን ነገር ሳይ ስለ አባባ ዓይን የማሰብ ፋታ አላገኘሁም።

ፈቃዳችን ለአንዲት ሴት አጋዘን ብቻ ነው፤ ወንዱን መንካት ክልክል ነው። ስለዚህ አባባ “በጎን ዞረሽ ውረጂና አባሪው፤ እኔ ከዚህ እጠብቅሻለሁ” አለኝ። ከረጢቱንና ካፖርቴን እዚያው ትቼ ፈርን በሚባለው ረጅም ቅጠል መሀል ዞሬ ወረድኩ። ጉሙ እንደገና ወፍሮ ነበር። ስቀርብ አጨበጨብኩ፤ ቀና ብሎ አየኝና ቆመ። ድንጋይ ወረወርኩ፤ ከጎኑ አረፈ፤ አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ሰደርያዬን አወለቅሁና ከራሴ በላይ እያውለበለብኩ “ሂድ! ሂድ ከዚህ!” አልኩት።

አልሄደም። ቀንዱን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ መጣ።

ሰደርያው ከእጄ ወደቀ። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ከትልቁ ጉቶ ጥግ ተኮራምቼ ነው። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ በአፍንጫው እየነፋ መሬት ይደበድባል። ከዚያ እኔን ተወኝ። ተመልሶ ሄደ፣ ዞራት፣ እግሩን አጠፈና ከጎኗ ተኛ። በፈርኑ ውስጥ ሲተኛ ቀንዱ እንኳ አይታይም። እኔ ከሁለቱ አጠገብ ገላጣ ቦታ ላይ በጉልበቴ ነኝ። አጋዘኗ ገና ትተነፍስ ነበር። ዓይኗ ይታየኛል። እሱ አንገቱን አንገቷ ላይ አድርጓል።

ብነሳ ይወጋኛል ብዬ ፈራሁ፤ መቀመጥም ፈራሁ። ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። ጉሙ ትንሽ ሳሳ። ወደ ላይ ስመለከት አባባ ከግንዱ ኋላ ቆሟል። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። አፈ ሙዙ እኔ ላይ ነው።

መጀመሪያ ወንዱን ነው የሚያስፈራራው አልኩ። ከዚያ ወንዱ እንደማይታየው ገባኝ። ከዚያ የለበስኩት ሹራብ ቡናማ መሆኑ ትዝ አለኝ። “አባባ” አልኩ። ልጮህ ነበር የፈለግሁት፤ የወጣው ግን ትንሽ ድምፅ ነው።

ሰማኝ። ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ፊቱን ወደ ጎኑ፣ ካፖርቴን ወደለበሰው ከረጢት አዞረና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ “እሽሽ… ዝም በይ፤ እየተነሳች ነው” አለው።

ከረጢቱን ነው እንዲህ ያለው። ተመልሼ ከጎኑ የተቀመጥኩ መስሎታል።

መሬት ላይ ተዘረርኩ። ተኮሰ። ጥይቱ ጉቶውን መታው፤ የእንጨቱ ስንጣሪ እጄን ቧጨረኝ፤ ጆሮዬ ጭው አለ። አፌ አፈር ሞልቶት ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ መቀርቀሪያውን ስቦ ሁለተኛ ሲያጎርስ። አባባ የቆሰለ አውሬ አይተውም። ይህን ከማንም በላይ እኔና አንተ እናውቃለን። ብነሳ ሊያየኝ ነው፣ ብቀር ሊደግመኝ ነው። በሕይወቴ እንዲህ የተጨነቅሁበት ጊዜ የለም፤ እናታችን የሞተች ቀን እንኳ እንዲህ አልሆንኩም።

ያን ጊዜ ወንዱ ተነሳ። በተኩሱ ይሸሻል ያልኩት አውሬ ብድግ ብሎ ቆመ፤ በእኔና በአባባ መሀል። ሊያድነኝ ነው የቆመው አልልህም። አውሬ ነው፤ የሱ ጉዳይ ከወደቀችው ጋር ነው፤ እኔ ከኋላው የተገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ግን ቆመ። ቀንዱ በነጩ ጉም ላይ እንደ ደረቀ ዛፍ ወጥቶ ታየ። ያን ያህል ቀንድ ደግሞ አባባም አየው። ወንድ መሆኑን ሲያውቅ ጠመንጃውን ወዲያው አወረደ። ዕድሜ ልኩን ያልተፈቀደለትን ተኩሶ አያውቅምና።

በሆዴ እየተሳብኩ በመጣሁበት ዞሬ ወጣሁ። ከግንዱ ኋላ ደርሼ ከአባባ በዚያኛው ጎን ቁጭ አልኩ። ሲያየኝ ደነገጠ። እኔን አየ፤ ከረጢቱን አየ፤ እንደገና እኔን አየ። እጁን ሰደደና ካፖርቴን ዳበሰው። ከሥሩ ያለውን ከረጢትም ጨበጥ አድርጎ ለቀቀው።

“የት ነበርሽ?” አለኝ።

“እዚሁ ከኋላህ ነበርኩ፣ አባባ።”

“እጅሽን ምን ነካው?”

“እሾህ ነው።”

ወደ ታች፣ ወደ ጉቶው አቅጣጫ ተመለከተ። ጉሙ አሁን ገለጥ ብሎ ነበር። ቡናማ ሣርና ቡናማ አጋዘን ላይለይ ይችላል፤ ብርቱካንማ ሰደርያ ግን ማንም ሰው ከሩቅ ያየዋል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጥይቶቹን ከጠመንጃው አውጥቶ ኪሱ ከተተ። አንዷ ከእጁ አመለጠችና ተንከባለለች። ባዶውን ጠመንጃ እኔ ጭን ላይ አስቀመጠውና “እዚህ ቆዪ” አለኝ።

ባዶ እጁን ወረደ። ወንዱ አጋዘን ቀንዱን ዝቅ አድርጎ ነፋበት፣ መሬት ደበደበ። “አባባ ተመለስ!” አልኩ፤ አሁን ድምፄ ወጣ። አልተመለሰም፤ አልሮጠም፤ እጆቹን ዝቅ አድርጎ ቀስ እያለ ሄደ። በመካከላቸው አንድ ዝላይ ብቻ ሲቀር ቆመ። የወደቀችውን አላያትም፤ ጎንበስ ብሎ ሰደርያውን አነሳና በመጣበት ተመለሰ። ወንዱም አልተከተለውም።

መጥቶ ሰደርያውን አራገፈው። እንደ ልጅ እጄን ይዞ አንዱን ክንዴን፣ ከዚያ ሌላውን አስገባልኝ። ቁልፎቹን ከታች እስከ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈልኝ። ቀዳዳዎቹን በዳበሳ እየፈለገ ብዙ ቆየ። “ይበርድሻል” አለኝ።

ሬዲዮ ከታች እየጮኸ መጣ። “ሁለቴ ተተኩሷል! ማነው የሳተው? ሽማግሌው ናቸው እንዳትሉኝ!” ይላል። ወንድም ጋሼ፣ ሬዲዮን ታውቀዋለህ። አባባ ሳተ ብንለው እንኳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማው በሙሉ ይሰማል፤ እውነቱን ቢያውቅማ አባባ ዳግመኛ ደጅ ወጥቶ የሰው ዓይን ማየት አይችልም። ጠመንጃው ደግሞ ጭኔ ላይ ነው። “እኔ ነኝ” አልኩት። “አባባ ላስተምርሽ ብሎ ሰጠኝና ጉቶ መታሁ።”

ሬዲዮ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። አባባ አልሳቀም፣ አልካደም። ብቻ አየኝ። ያን አስተያየት ልነግርህ አልችልም።

ሬዲዮ በኋላ ወንዱን ለማባረር ያላደረገው የለም። ጮኸ፣ አጨበጨበ፣ ወርዶ የመኪናውን ጥሩንባ ነፋ። “አብዷል ይሄ አውሬ! ወይ ታሟል!” እያለ ይራገማል። አባባ “ተወው፤ ይጨርስ” አለው። ጠበቅነው። አጋዘኗ ጨርሳ ስትቀዘቅዝ ነው የተነሳው። ትንሽ ይሄድና ዞሮ ያያል፤ እንደገና ይሄድና ዞሮ ያያል። ጫካው እስኪውጠው ድረስ እንዲያ አደረገ። የደን ጠባቂው ሲሰማ “የመራቢያ ወራቸው ስለሆነ ነው፤ ወንዱ ሴቷን አይለቅም” ብሎ ነገሩን ቀላል አደረገው። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቅርብ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ቦታ ስሜ “ጉቶ ገዳይ” ሆኗል። አለቃችን ሳትቀር “አንቺ ልብስ ብቻ ተኩሺ፣ እሱ አይሸሽብሽም” ትለኛለች። አብሬ እስቃለሁ። ማታ ማታ ግን ያ “እሽሽ” የሚለው ድምፅ ይመጣብኛል። አባባ ከሥጋው አልቀመሰም፤ ጥርሴን አሞኛል አለ። ጠመንጃውንም ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ፤ “እኔ ዕቃ እያስቀመጥኩ እረሳለሁ” ብሎ። ምን ያህል እንደገባው አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም። ጠዋት ሻይ ስቀዳለት ጎኔ ሆኖ እጄን ያያል፤ ቁስሉ ሊድን ምንም አልቀረውም።

እና የምለምንህ ይህን ነው። ልጃችንን ይዘህ ና፤ ግን ስለ አደን አታንሳ። ለምን እንዳላነሳህም እንዳይገባው አድርግ። እንዴት እንደምታደርገው አላውቅም፤ አንተ ታላቅ ነህ፣ አንተ ፈልግለት። የነገርኩህን ሁሉ እንደማታውቅ ሁን። ይህን ለአባታችን ብዬ ነው።

ደወሉ ተደወለ፤ ቀሪውን ቤት እጨርሰዋለሁ።

*

አሁን ቤት ነኝ። እንደፈራሁት አባባ ደረሰብኝ። በረንዳው ላይ ሆኜ የቀረችኝን ሰላምታ ልጽፍ ወረቀቱን እንዳወጣሁ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

“ለወንድምሽ ነው?”

“አዎ።”

“ምን ብለሽ ጻፍሽለት?”

“ሰላምታ ነው፣ አባባ።”

ወረቀቶቹን በእጁ መዘናቸው። “ይህን ሁሉ ሰላምታ?”

“ብዙ ጊዜ ስላልጻፍኩለት ነው።”

ፈገግ አለ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አላስጠጋም፤ አጣጥፎ መለሰልኝ። ቆየና “የእኔንም ጨምሪበት” አለኝ። ከአፉ እንደወጣ እጽፍልሃለሁ፦

“ልጅቷን ይዘሃት ና። ጫካ ግን ዘንድሮ አይሆንም፤ አጋዘን ጠፍቷል በይው። እኔ ነኝ ያልኩት በይ። ወንዙ ዳር እንሄዳለን፣ ድንጋይ መወርወር አስተምራታለሁ።”

ጻፍኩ። አጋዘን መጥፋቱን ግን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሰሞኑን የጓሮአችንን ጎመን ሁሉ የበሉት እነሱ ናቸው። ሊነሳ ብድግ ካለ በኋላ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ።

“ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፤ እነሱ አገር ጥሩ የዓይን ሐኪም አለ ወይ?”

ብዕሬን ያዝኩና ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ወደ መንገዱ ነበር የሚያየው።

“ለማን ልበለው?” አልኩት።

ትንሽ አሰበ። “ለሬዲዮ” አለኝ። “ሰሞኑን ሲነዳ ጉድጓድ አይታየውም። ራሱ መጠየቅ ያፍራል፤ ሰው አይስማበት።”

እሺ አልኩት። ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ ለሬዲዮ ጥሩ የዓይን ሐኪም ፈልግለት። ቶሎ ፈልግለት። ስትመጣም “እስኪ አባባ፣ ሬዲዮ ብቻውን እንዳይፈራ አብረኸው ታየለት” ብለህ ይዘኸው ሂድ፤ እምቢ አይልህም።

ፈጣሪ አንተንም ቤትህንም ከክፉ ይሰውርልኝ። መንገድህን ያቅናልህ። የልጃችንን ሁለቱንም ጉንጮች ሳምልኝ፤ ባለቤትህን “አክስትሽ ናፍቃችኋለች” በልልኝ፤ “አክስት የምትሆነው ለልጅቷ ነው” ካለች “አንቺም ልጇ ነሽ” በልልኝ። በደህና ያገናኘን።

ሁሌም የምትወድህ
ታናሽ እህትህ